ሁለት ጾም፣ አንድ ጉድጓድ

ሰሚራ ወለደች! ሴት ልጅ!

ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት አባባ የሱቁን በር ገና እየከፈተ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ አነሣሁት። የእህቴ የሰሚራ ባል ኑሩ ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እሱም ወንዝ ማዶ እንደቆመ ሰው እየጮኸ፣ "ሐያት! ተገላገለች! ሁለቱም ደኅና ናቸው!" አለኝ። እልልታዬን ለቀቅሁት። ፊት ለፊታችን ቅመም የሚሸጠው ሱዳናዊ ሚዛኑን እንዳንጠለጠለ ወጥቶ፣ "ኸይር ያ ቢት? ምን ተገኘ?" ይላል። "አክስት ሆንኩ!" አልኩት። በዐረብኛ ይሁን በአማርኛ የመለስኩለት እንኳ አላወቅሁም።

አባባ ስልኩን ተቀብሎ ሲያዳምጥ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ኑሩ ሁለተኛ ወሬ ነበረው። ረሐድ ወንዝ ሞልቶ መንደራቸው ገብቷል። የሰው ነፍስ አልጠፋም፤ ቤትም ብዙ አልወሰደም። የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱን ግን ከነአፉ ውጦት አልፏል። የመጸዳጃ ቤቱን፣ የከብቱን በረት፣ የሞተውን ፍየል ሁሉ ጠራርጎ እዚያ ከቶታል። ሰው የሚጠጣው የወንዙን ድፍርስ ነው፤ ሕፃናት በተቅማጥ ወድቀዋል። ሰሚራ ደግሞ አራስ ናት። አራስ እንደምታውቁት ብዙ ትጠጣለች፤ የምትጠጣውም ለሁለት ነው።

እናቴ እዚህ ብትኖር በዚያው ዕለት ትነሣ ነበር። እሷ ግን ለለቅሶ መተማ ተሻግራ፣ ስትመለስ ከገላባት ወዲህ ያለውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦባት እዚያው ቀርታለች። አባባ ከሱቁ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አንዲት ሴት አስከትሎ መጣ። ሲት ኢሕሳን ይሏታል (ሲት እንደ ወይዘሮ ነው)፤ ሥራዋ ጉድጓድ ማጽዳት ነው፤ በማግሥቱ ወደነሰሚራ መንደር ልትሄድ ተነሥታለች። ከመንደሩ ዳር የጎንደር የቀን ሠራተኞች የሰፈሩበት ካምቦ ስላለ አማርኛና ዐረብኛ የሚችል ሰው ትፈልጋለች። አባባ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሐያት ትሂድ" አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደዚያ ቀንም ፈርቼ አላውቅም።

እናንተ ጎንደር ያላችሁ የአክስቶቼ ልጆች ያንን የሱዳን ገጠር መቼም አታዩትም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ። በአማርኛ መጻፍ የለመድኩት ዘንድሮ ነው፤ አሁን ደግሞ ብዕር ከያዝኩ ማቆም አቅቶኛል።

እሑድ በማለዳ ተነሣን። መኪናችን ቦክሲ የምንላት፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ለአራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ቅቤ ይጭናል፣ ማር ይጭናል፤ እኛ ውሃ ጫንን። አባባ ስድስት ጀሪካን አስቀድቶ፣ ክዳኑን በጨርቅ አሥሮ፣ "ይኸ የሰሚራ ነው። እጅ እንኳ እንዳትታጠቡበት" አለኝ። እኛ ገዳሪፍ ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል ተጭኖ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ይወደዳል እንጂ አይታጣም። እኛም ስለ ውድነቱ ስናማርር ነው የምንውለው። ካሁን ወዲያ አላማርርም።

ረመዳን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ከክርስቲያኖቹ ፍልሰታ ጋር ተገጣጥሟል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሾፌራችን ዓም ኢድሪስ (ዓም ማለት አጎት ነው) ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ከከተማ ሳንወጣ ቀልድ ጀመሩ። "አንቺ ልጅ፣ መንገደኛ ነሽ እኮ። ለሙሳፊር ጾም ግዴታ አይደለም። ብስኩት ልግዛልሽ?"

"እርስዎስ ዓም ኢድሪስ? መንገደኛ አይደሉም?"

"እኔማ ካልራበኝ መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ሲት ኢሕሳን ሳቀች። እሷን መጀመሪያ "እርስዎ" ስላት "ገና ወጣት ነኝ፣ አታስረጂኝ" ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት። እኔም መጾሜን አልተውኩም። ከወሩ አንድ ቀን እንኳ አልገደፍኩም ነበርና እልኸኛ ሆኜ ነበር።

አስፋልቱ እስካለ ድረስ መንገዱ ደኅና ነው። ግራ ቀኝ ማሽላ፣ ደግሞ ሰሊጥ፣ ደግሞ ማሽላ። አገሩ እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። እኛ ገዳሪፍ ቢያንስ ዓይን የሚያሳርፍ ኮረብታ አለን፤ እዚያ ግን ሰማዩ ከመሬቱ ጋር የተሰፋ ይመስላል። ከአስፋልቱ ስንወርድ ዋልካው ጀመረ። ጥቁር ጭቃ ነው፤ የረገጠውን አይለቅም። ዓም ኢድሪስ ቀልዱን ትተው "ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ" እያሉ አላህን መማጸን ጀመሩ። ቦክሲዋ እንደ ሰካራም ተንሸራተተችና በጎኗ ቦይ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከኋላ "ቧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዘልዬ ወረድኩ። ሁለት ጀሪካን ሲት ኢሕሳን ከጫነችው የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ሥር ተደፍጥጠው ፈንድተዋል። የሰሚራ ውሃ ወደ ጭቃው እየፈሰሰ ነው። በመዳፌ ስንጥቁን ልደፍን ሞከርኩ፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ሲት ኢሕሳን ትከሻዬን ይዛ፣ "ተዪው። አራት አለን" አለች። እኔ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ በልቤ ስቆጥር ነው የዋልኩት፤ አራት ጀሪካን ስንት ቀን ያቆያል?

ከሰዓታት በኋላ አንድ ትራክተር ጎትቶ አወጣን። ጉዟችን ግን ዘገየ፤ መፋዛ የምትባለው ከተማ ሳንደርስ ፀሐይ ልትገባ ሆነ። እዚህ ላይ ነው እናንተ የማታምኑኝ ነገር የሆነው። አንድ መንደር ስንደርስ ወንዶች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ረጅም ጥምጣማቸውን ፈትተው እንደ ገመድ መንገዱን ዘግተውበታል። ሽፍታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዓም ኢድሪስ ግን ሞተሩን አጠፉ። "ወረድን። ሳናፈጥር አያሳልፉንም" አሉ። በረመዳን አላፊ አግዳሚውን በግድ አስቁሞ ማስፈጠር የዚያ አገር ሰው ልማድ ነው። በእኛ ሰፈር ለማኝ ለምኖ ይበላል፤ እዚያ ባለቤቱ እንግዳ ይለምናል።

ሐጅ ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ምንጣፋቸው ላይ አስቀመጡን። እኔንና ሲት ኢሕሳንን ሴቶቹ ወዳሉበት አጥር ውስጥ ወሰዱን። ቴምር መጣ፣ እንደ ስስ እንጀራ ያለ የማሽላ ኪስራ በወጥ መጣ፣ ውሃም መጣ። ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው። የወንዙን ውሃ ሸክላ አፈር በጥብጠው እያዘቀጡ እንደዚያ ያጠሩታል። ምራቄን ዋጥኩ። ሲት ኢሕሳን ግን ቀስ ብላ በጆሮዬ፣ "መጥራት ሌላ፣ መንጻት ሌላ" አለችኝና ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ በሴቶቹ ፊት ማሰሮው ውስጥ ጣለች።

"ምን ጨመርሽበት?" አለች የሐጅ ዑመር ሚስት።

"ክሎሪን። ጥቂት ጠብቀን እንጠጣዋለን። መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ።"

አዛን ተባለ። ሁላችንም ቴምር ጎርሰን ማሰሮውን ከበን ቁጭ አልን። ከአጥሩ ወዲያ የሐጅ ዑመር ድምፅ ተሰማ፤ "ሴቶች! ውሃው የት ደረሰ? ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ እኮ!" ሚስታቸው መለሰች፤ "ውሃው ራሱ እየጾመ ነው፣ ታገሥ!" ሳቅን። በኋላ ሲት ኢሕሳን ጠጣች፤ ከዚያ ባለቤቲቱ ጠጣች፤ ከዚያ ሁሉም። ይህን ነገር ሳየው ቀላል መሰለኝ። አንድ ሰው ይጠጣል፣ ሌላው ይከተላል። ሁሉም አገር እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እዚያው አደርን።

ሰኞ ቦክሲዋን እዚያው ትተን ዕቃችንን በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነን ሄድን። ትራክተሩ ባንቀጠቀጠኝ ቁጥር ጀሪካኖቹን በሁለት እጄ ነበር የማቅፍ። ከመፋዛ ወዲያ ባለችው በሰሚራ መንደር ስንገባ ግድግዳዎቹ ሁሉ እስከ ወገባቸው የጭቃ መስመር አለባቸው፤ ውሃው የደረሰበት ነው። ኑሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ እርጥብ ስኳር በጆንያ አስጥቶ ዝንብ ሲያባርር አገኘነው። የሰሚራ ቤት ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ተርፏል።

ሰሚራ አልጋ ላይ አጎበር ውስጥ ናት። ቀጥናለች። ልጅቱ ጡጫዋን ጨብጣ ተኝታለች፤ ጥፍሮቿ የሰሊጥ ፍሬ ያህላሉ። አለቀስኩ። ሰሚራ "ምን ያስለቅስሻል? ያመመኝ እኔን ነው!" ብላ ተቆጣችኝና አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ጀሪካኑን ከፍቼ አንድ ኩባያ ሰጠኋት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። "የገዳሪፍን ውሃ እንደዚህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም" አለች። ጎረቤቷ ልጅ እንደታመመባት ሰሚራ ነገረችኝ፤ ስለዚህ አንዱን ጀሪካን ለሷ ላክነው። መስጠቱ ደስ አለኝ፤ ቁጥሩ ግን ሦስት ሆነ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዋልን። በሲሚንቶ የተገነባ ሰፊ ጉድጓድ ነው። ፓምፑ እያጓራ ጥቁሩን ውሃ ሲስብ ከሥር የወጣውን ብትሰሙ! ጫማ፣ የበር መዝጊያ፣ ፍየሉ (ስለ ፍየሉ አልጽፍም)። ወንዶቹ ጾመኛ ሆነው በዚያ ፀሐይ በገመድ እየወረዱ ግድግዳውን በብሩሽ ሲፈትጉ ዋሉ። ሲት ኢሕሳን ከላይ ሆና፣ "ያ ጥግ ቀርቷል! ኑሩ፣ አዎ አንተ! አራስ ያለችው ሰው ነህ፣ ጠንክረህ ፈትግ!" ትላለች። አመሻሽ ላይ ብዙ ክሎሪን ተበጥብጦ ተጨመረ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ያ ውሃ ዕቃ የታጠበበት እጣቢ ማለት ነው፤ በማግሥቱ ተስቦ መደፋት አለበት።

የእኔ ሥራ ካምቦው ሄጄ ይህንን መንገር ነበር። ካምቦው ከመንደሩ ዳር ያሉ የሣር ጎጆዎች ናቸው፤ ከአርማጭሆና ከቋራ ለአረም የመጡ ሠራተኞች ይኖሩበታል። እንጀራቸውን የምትጋግርላቸው እትዬ ውብነሽ ናት፤ ሁሉም የሚሰማው እሷን ነው። "ነገ ውሃው ይደፋል፤ እንዳትቀዱት፤ ክፉኛ ያማል" አልኳት።

"ይደፋል?" አለች። "ውሃ? መሬት ላይ?"

"አዎ እትዬ።"

"አንች ልጅ፣ ሰው ተጠምቶ ውሃ መድፋት ግፍ ነው።" ከዚያ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ፣ "እሺ፣ ሰምተናል" አለች። መስማቷን አመንኩ።

ረቡዕ ሲነጋ ፓምፑ መሳብ ጀመረ። ውሃው በቧንቧ ወጥቶ፣ በተቆፈረለት ቦይ ከመንደሩ ርቆ ወደ ሜዳው ይፈሳል። ንጹሕ ይመስላል፤ ያበራል። እስቲ አስቡት፤ ሳምንት ሙሉ ድፍርስ ሲጠጣ ለከረመ ሰው የጠራ ውሃ እንደ ጅረት ሲሄድ ማየት ምን ያህል ፈተና ነው? የመንደሩ ሴቶች በርሜል ሲያንከባልሉ መጡ። የካምቦው ሴቶች በጀሪካን መጡ። "አትቅዱ! ድፉት! ድፉት!" እያልኩ በዐረብኛም በአማርኛም ጮህኩ፤ ድምፄ ተዘጋ። ብዙዎቹ እያማረሩ ደፉ። አንዷ ሱዳናዊት፣ "እኛ ምራቃችንን እንኳ አንደፋም፤ እናንተ ባሕር ትደፋላችሁ!" ብላ በርሜሏን በእርግጫ መታችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የፍልሰታ ጾመኞች በሚገድፉበት ሰዓት፣ ከካምቦው ጩኸት ተሰማ። እትዬ ውብነሽ አንድ ጀሪካን በነጠላዋ ሸፍና ወስዳ ኖሯል። ባዶ ሆድ ላይ ያንን ውሃ ጠጥተው እሷንና ሁለት ሠራተኞችን ሲያስመልሳቸው አገኘናቸው። ሲት ኢሕሳን በራሳችን ውሃ የጨውና ስኳር ዱቄት በጥብጣ እየጋተች አመሻሹ ላይ አሻለቻቸው። ውሃው ከየት መጣ? ከሰሚራ ጀሪካን ነው። ሌላ አልነበረም።

ወሬው ግን ከበሽታው ፈጥኖ ሮጠ። ከካምቦ መንደር፣ ከመንደር መስጊድ ደረሰ። "ጉድጓዱ ተመርዟል።" ዓም ኢድሪስን አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊት፣ "ምን ጨመራችሁብን?" አላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጉድጓዱ እንደገና ተስቦ በአዲስ ውሃ ሞላ። ሲት ኢሕሳን ጣት በምታህል ብልቃጥ ቀድታ ትንሽ የመመርመሪያ ክኒን ጣለችበት። ውሃው ደማቅ ቀይ ከሆነ ክሎሪኑ በዝቷል፤ ነጭ ከቀረ አልቋል፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ይጠጣል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ቀና ስትል ግን የሚሰማት የለም። ጉድጓዱ አጠገብ ከእኛ ሌላ የቆመች አንዲት አህያ ብቻ ናት። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ተሸክመው በአጠገባችን አልፈው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። የታመመች ልጇን ያዘለችው ጎረቤታችን ሳይቀር።

"እኔ በፊታችሁ ልጠጣው!" አለች ሲት ኢሕሳን።

"አንቺማ እንጀራሽ ነው" አሏት። "ደግሞም ጾመኛ ነሽ፤ ጎርሰሽ ዘወር ብለሽ ልትተፊው ነው።"

እንዲህ ነው ነገሩ የተቋጠረው። ሙስሊሙ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ አይጠጣም። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠጣም። እስኪመሽ ማንም አይቀምሰው፤ ሲመሽ ደግሞ ሁሉም የወንዙን ቀድቶ ገብቷል።

እያለቀስኩ ወደ ሰሚራ ሮጥኩና ነገርኳት። ልጅቱን እያጠባች ሰማችኝ። ከዚያ፣ "በዚህ መንደር ዛሬ የማትጾም ሴት፣ ሁሉም የሚያውቃት፣ ማን ናት?" አለች።

"ማን ናት?"

"እኔ ነኝ። አራስ አትጾምም። አራስ ደግሞ ለጡቷ ስትል ክፉ ውሃ አትቀምስም። እኔ ከጠጣሁ ያምናሉ።"

"አይሆንም! እኔ እኮ የመጣሁት አንቺ ክፉ ውሃ እንዳትጠጪ ነው!"

ኑሩ ከበሩ ሆኖ ሰምቶ ዘሎ ገባ። "አላህን ፍሪ ሰሚራ! ጡትሽስ?"

"ለጡቴ ነው የምልህ! ሐያት፣ እስኪ ያንን ጀሪካን አንሺው።"

አነሣሁት። የመጨረሻው ነው። በአንድ እጄ ተነሣልኝ።

"ነገ ሲያልቅ የቱን ልጠጣ? የወንዙን?" አለችው ኑሩን። እሷም ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ነሽ ከጉድጓዱ ሥር ያልጠፋሽው። ንገሪኝ፤ ውሃው ንጹሕ ነው?"

ብልቃጡን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ያየሁትን እንደማመን አልነበረም። ትላንት የሚያበራውን ውሃም አይቻለሁ፤ የሐጅ ዑመርንም ማሰሮ አይቻለሁ። መጥራት ሌላ፣ መንጻት ሌላ። "ቆይኝ" ብዬ ተመልሼ ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩ። ሲት ኢሕሳንን፣ "እኔ ልሥራው" አልኳት። ራሴ ቀዳሁ፣ ራሴ ክኒኑን ጣልኩ፣ አወዛወዝኩ። ሮዝ። ደፍቼ ደግሜ ሠራሁት። ያው ሮዝ። ሲት ኢሕሳን ንጹሕ ኩባያ ሰጠችኝ።

አራስ ከቤት አትወጣምና ሰው ወደሷ መምጣት ነበረበት። በመንገዴ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ፣ "ሰሚራ የጉድጓዱን ውሃ ልትጠጣ ነው!" አልኩ። ካምቦው ድረስ ሄጄ ጠራሁ። ጥቂት ቆይቶ ያቺ ትንሽ ክፍል ሴት በሴት ሆነች። ወንዶቹ ውጭ ቆመው በመስኮት ይጠይቃሉ። እትዬ ውብነሽም እንደገረጣች መጥታ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላለች።

ኩባያውን ለሰሚራ ከማቀበሌ በፊት እኔ ተጎነጨሁ። የወሩ ጾሜ እዚያ ላይ ተሰበረ። ከመስኮቱ የዓም ኢድሪስ ድምፅ፣ "ሙሳፊር ናት! ይፈቀድላታል! እኔ እኮ ከገዳሪፍ ጀምሬ ነግሬያታለሁ!" አለ።

"እሷማ ከነሱ ጋር የመጣች ናት!" አለች አንዷ ሴት።

ሰሚራ ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። "ቢስሚላህ" አለችና ጨለጠችው። ከዚያ ፊቷን ጨምደድ አድርጋ፣ "ሐያት! ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል እኮ!" አለች። ሴቶቹ ሳቁ፤ ግን ማንም አልወጣም።

"ጠጣች?" አሉ ከውጭ።

"ጠጣች። ዝም በሉ፣ እያየን ነው!"

ልጅቱን ጡት ላይ አደረገቻት። ሁላችንም የልጅቱን ሆድ ማየት ጀመርን። ስታስነጥስ አንዷ "ያ ሰላም!" ብላ ጮኸች። ስታለቅስ የእኔ ልብ ቆመ፤ ለካ ርቧት ነው። እንደዚያ ቁጭ ብለን ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሻገር ዋልን። ሰሚራ ሁለተኛ ኩባያ ጠጣች፣ ሦስተኛ ጠጣች። እኔ በየጊዜው ግንባሯን ስነካ፣ "እጅሽን አንሺልኝ፣ አሞቅሽኝ" ትላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ውብነሽ ከበሩ ተነሣች። በስመ አብ ብላ አማተበች። "እስኪ ለኔ ስጡኝ" አለች።

"እትዬ፣ ትላንት አሞሽ..." አልኳት።

"ትላንት አትቅጂ ተብየ ቀዳሁ፤ አመመኝ። ዛሬ ቅጂ ተብየ ብተወው ከትላንቱ በምን ተሻልኩ?" ጠጣች። ከንፈሯን ጠረገችና፣ "እውነቷን ነው፣ ሆስፒታል ይላል። ቢሆንም ሆስፒታል ከመተኛት ሆስፒታል መጠጣት ይሻላል" አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ የካምቦው ሴቶች ተከተሏት። በመስኮት ሳይ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ጉድጓዱ ታጠፉ።

መግሪብ ሲደርስ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ጉድጓዱ ዙሪያ ነበር። የወንዙን ውሃ ቀድተው የገቡት ሴቶች ሳይቀሩ ጀሪካናቸውን ቦዩ ውስጥ ደፉት። በርሜሏን የረገጠችው ሴት አጠገቤ ቆማ፣ "ይኸው፣ ደፋሁ፤ ደስ ይበልሽ!" አለችኝ። ጎረቤታችን ለልጇ በማንኪያ ስታጠጣ አየሁ። እኔ ግን ያን ቀን ደስታው እንኳ በፍርሃት የተለወሰ ነበር። አርብ ጠዋት ሰሚራ ነቅታ "ቁርስ የለም እንዴ? ጾመኞች ተሰብስባችሁ ልትገድሉኝ ነው?" ስትለኝ ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ።

ሲት ኢሕሳን ክሎሪኑን እየለካች እንድትጨምር ለኑሩ አስተማረችው፤ ብልቃጧንም ሰጠችው። ለእትዬ ውብነሽም እኔ በአማርኛ አስተማርኳት። "እኔ ራሴ እያየሁት እንጂ በኑሩ አላምንም" ነው ያለችው። ቅዳሜ ስንነሣ ዓም ኢድሪስ ልጅቱን አይተው፣ በመካው ቅዱስ ጉድጓድ ስም "ዘምዘም በሏት" አሉ። ሰሚራ፣ "የመጣ ሁሉ እሱኑ ነው የሚለኝ!" ብላ ሳቀች። የስም ማውጫ ድግሱ አልተደረገም፤ በዚያ ዋልካ በግም እንግዳም ሊደርስ አይችልም። መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰሊጡ ሲታጨድ ይሆናል።

ባዶዎቹን ጀሪካኖች ይዤ ተሳቢው ላይ ልወጣ ስል ሰሚራ ከበሩ ጠራችኝ።

"ለድግሱ ሰው ሁሉ ጥሪልኝ። ጎንደር ላሉትም ጻፊላቸው።"

"እነሱ እኮ ሩቅ ናቸው፤ አይመጡም።"

"አይመጡም ተብሎ አይጠሩም? ጥሪያቸው! ስኳር የሚያመጣ ያምጣ፤ ሳሙና የሚያመጣ ያምጣ። ውሃ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ቤቴ አይገባም።"

ይኸው ጠርቻችኋለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ኑ፤ ባዶ እጃችሁንም ብትመጡ ግድ የለም። ውሃው እዚያ አለ።